ሳይቸግር ጤፍ ብድር፦ ውድ ስማርት ስልክ ዋጋውን ያወጣል?

በሬሆቮትና በኪርያት ኤቅሮን መካከል ባለው ቢሉ ሴንተር ልብስና ጫማ ለመግዛት የወጣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ወደ ስልክ መሸጫውም ጎራ ማለቱ አይቀርም። ልጅ «ስልኬ አርጅቷል» ይላል። ሻጩ «በወር ይህን ያህል ብቻ ነው» ይላል። አባትና እናት እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚያም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ለሦስት ዓመት የሚቆይ ክፍያ ይፈረማል። ከቤት ሲወጡ ግን ስልክ የመግዛት ሐሳብ አልነበረም።

በዛሬው ገጻችን የምንመለከተው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከዓመት ወደ ዓመት ዋጋቸው ከፍ እያለ የመጡት ውድ ስማርት ስልኮች ለምንከፍለው ገንዘብ ይበቃሉ ወይ? መልሱን አስቀድመን በአጭሩ እንናገር። ውድ ስልክ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ዋጋውን የሚያወጣው ግን አምስትና ስድስት ዓመት ለሚይዘው ወይም እንጀራውን ለሚያገኝበት ሰው ነው። በየሁለት ዓመቱ ለሚቀይረው፣ ዋትስአፕና ፎቶ ብቻ ለሚጠቀምበት ሰው አያወጣም። ለምን እንደዚህ እንዳልን ቀጥሎ በቁጥር እናያለን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዋጋው እንዴት እዚህ ደረሰ?

የመጀመሪያው አይፎን በ2007 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 499 እና 599 ዶላር ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ አይፎን ኤክስ በ999 ዶላር መነሻ ዋጋ ወጣ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ለስልክ አንድ ሺህ ዶላር?» ብሎ ተገርሞ ነበር። ዛሬ ግን ይህ ዋጋ ማንንም አያስደነግጥም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። «ፕሮ» የሚባለው የአይፎን መነሻ ዋጋ በአሜሪካ እስከ 2024 ድረስ እዚያው 999 ዶላር ላይ ቆይቷል። በ2025 የወጣው አይፎን 17 ፕሮ ነው መነሻውን ወደ 1,099 ዶላር ከፍ ያደረገው። እሱም ቢሆን የመነሻ ማስቀመጫ ቦታው በእጥፍ አድጓል። ታዲያ ዋጋው የት ላይ ነው የጨመረው? በመሰላሉ የላይኛው ደረጃ ላይ ነው። ትልቁ ስክሪን ያለው 17 ፕሮ ማክስ ብዙ ማስቀመጫ ቦታ ሲጨመርበት እስከ 1,999 ዶላር ይደርሳል። የሳምሰንግ ተጣጣፊ ስልክ ጋላክሲ ዜድ ፎልድ 7 በ2025 ሲወጣ መነሻው ራሱ 1,999 ዶላር ነበር። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ዋጋ የሚጨምሩት የመጀመሪያውን ደረጃ ከፍ በማድረግ ብቻ ሳይሆን፣ ከላይ ሌላ ደረጃ በመሥራትና እኛን ወደዚያ በመጋበዝ ነው።

ለዋጋው መናር ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። ስክሪኑ፣ ካሜራውና ቺፑ ውድ ናቸው። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማእከላት የሜሞሪ ቺፕ በብዛት ስለሚገዙ የቺፑ ዋጋ ከፍ ብሏል። ሰዎች ስልካቸውን እንደ ድሮው ቶሎ ቶሎ አለመቀየራቸውም አንድ ምክንያት ነው፤ ኩባንያው ጥቂት ስልክ ሲሸጥ ከእያንዳንዱ ብዙ ማግኘት ይፈልጋል።

ወደ እስራኤል ስንመለስ፣ በአሜሪካ የሚነገረው ዋጋ ታክስ የሌለበት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። እዚህ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ማአም 18 በመቶ ነው። በ4,800 ሸቅል በሚሸጥ ስልክ ውስጥ 732 ሸቅል ያህሉ ማአም ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል በሞባይል ስልክ ላይ የነበረው 15 በመቶ የግዢ ታክስ በ2017 ተነሥቷል።

ሌላም ለውጥ ነበር። በ2012 በሞሼ ካሕሎን የኮሙኒኬሽን ሚኒስትርነት ዘመን ጎላን ቴሌኮምና ሆት ሞባይል ወደ ገበያው ሲገቡ የመስመር ዋጋ በጣም ወረደ። ከዚያ በፊት የስልኩ ዋጋ ከወርኃዊው የመስመር ሒሳብ ጋር ተደባልቆ ስለሚመጣ የትኛው ለምን እንደሆነ መለየት ያስቸግር ነበር። ዛሬ መስመሩ ርካሽ ሆኗል፤ መሣሪያው ግን በብዙ ቤት ከመስመሩ የበለጠ ወጪ ነው።

በውድ ስልክ የምንከፍለው ለምንድን ነው?

ውድ ስልክ የሚሰጠው ነገር አለ፤ ይህን መካድ አይገባም። ከሩቅ የሚያነሣ ካሜራ፣ በጨለማ ጥሩ ፎቶ፣ የተረጋጋ ቪዲዮ፣ ፈጣን ቺፕ፣ ጠንካራ አካልና በፀሐይ ላይ በደንብ የሚታይ ስክሪን አለው።

አሁን ግን ስልካችንን ቀኑን ሙሉ ለምን እንደምንጠቀምበት እንቁጠር። ዋትስአፕ፣ ዩቲዩብ፣ ዌዝ፣ የባንክ አፕ፣ የኩፓት ሆሊም ቀጠሮ፣ የአውቶቡስ ክፍያ፣ ከልጆች መምህራን የሚመጣ መልእክት፣ ኢትዮጵያ ካለ ዘመድ ጋር የሚደረግ የቪዲዮ ጥሪ። እነዚህ ሁሉ በ1,400 ሸቅል ስልክም ሆነ በ5,000 ሸቅል ስልክ ያው ናቸው። የባንኩ አፕ ለውድ ስልክ ተጨማሪ ገንዘብ አያሳይም። ዋትስአፕ ራሱ በ2025 የሚሠራባቸውን ስልኮች ዝቅተኛ ደረጃ ከፍ ባደረገ ጊዜ እንኳ በ2015 የወጣው አይፎን 6ኤስ መሥራቱን ቀጥሏል። የአሥር ዓመት ስልክ ማለት ነው።

ዋናው የዕድሜ ጉዳይ፦ አፕዴት

ስልክ የሚሞተው ስክሪኑ ሲሰበር ብቻ አይደለም። ኩባንያው የደኅንነት አፕዴት መላክ ሲያቆምም ይሞታል። አፕዴት የሌለው ስልክ ለሌቦች የተከፈተ በር ነው፤ የባንክ አፕም ቀስ በቀስ አልሠራም ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ስልክ ስንገዛ በእርግጥ የምንገዛው ዓመታትን ነው።

ድሮ በዚህ ረገድ ውድና ርካሽ ስልክ በጣም ይለያዩ ነበር። አሁን ልዩነቱ ጠብቧል። ሳምሰንግ በጃንዋሪ 2024 ላወጣው ጋላክሲ ኤስ24 የሰባት ዓመት አፕዴት ቃል ገብቷል። የዚያው ኩባንያ ርካሽ ስልክ ጋላክሲ ኤ16 ደግሞ የስድስት ዓመት አፕዴት ተገብቶለታል። በአሜሪካ ኤስ24 አልትራ ሲወጣ 1,299 ዶላር፣ ኤ16 ደግሞ 200 ዶላር ገደማ ነበር። በዋጋ ከስድስት እጥፍ በላይ ይለያያሉ፤ በአፕዴት ግን የሚለያዩት በአንድ ዓመት ነው።

ይህ ማለት ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት አይደለም። በጣም ርካሹ ስልክ የሥራ ሜሞሪው ትንሽ ስለሆነ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ መንቀርፈፉ አይቀርም። ስሙ የማይታወቅ ስልክ ከሆነ ደግሞ አፕዴቱ ከመጀመሪያውም ላይኖር ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ መካከለኛው የሚሻለው።

ሒሳቡን በወር እናስላው

የስልክን እውነተኛ ዋጋ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። የከፈሉትን ይጻፉ፤ የጥገናና የባትሪ ወጪ ይጨምሩ፤ ሲሸጡት የሚያገኙትን ይቀንሱ፤ ከዚያ በያዙበት ወራት ያካፍሉ። የሚከተሉት ቁጥሮች ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ ሱቅ ያገኙትን ዋጋ በቦታቸው ማስገባት ይችላሉ።

አንደኛ፦ 4,800 ሸቅል ተገዝቶ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1,800 ሸቅል የተሸጠ ስልክ። ልዩነቱ 3,000 ሸቅል፣ ለ24 ወር ሲካፈል በወር 125 ሸቅል።

ሁለተኛ፦ ያው የ4,800 ሸቅል ስልክ፣ ነገር ግን ስድስት ዓመት የተያዘ፣ በመካከል በ400 ሸቅል ባትሪው የተቀየረለት፣ መጨረሻ ላይም ምንም ያላወጣ። 5,200 ለ72 ወር፣ በወር 72 ሸቅል ገደማ።

ሦስተኛ፦ አዲሱ ሞዴል ሲወጣ ዋጋው የወረደ ያለፈው ዓመት ውድ ስልክ። በ3,300 ሸቅል ተገዝቶ፣ 400 ሸቅል ባትሪ ተጨምሮበት፣ አምስት ዓመት የተያዘ። በወር 62 ሸቅል ገደማ።

አራተኛ፦ በ1,400 ሸቅል የተገዛ መካከለኛ ስልክ፣ አራት ዓመት ተይዞ መጨረሻ ላይ ምንም ያላወጣ። በወር 29 ሸቅል ገደማ።

አምስተኛ፦ በ600 ሸቅል የተገዛ ስሙ የማይታወቅ ስልክ፣ በሁለት ዓመት የተጣለ። በወር 25 ሸቅል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፣ አንዱና ያው ውድ ስልክ እንደ አያያዛችን በወር 125 ወይም 72 ሸቅል ሊሆን ይችላል። ውድ የሚያደርገው ዋጋው ብቻ ሳይሆን ቶሎ መቀየሩ ነው። ሁለተኛ፣ እጅግ ርካሹ ስልክ ከመካከለኛው ብዙም አያተርፍም፤ በወር አራት ሸቅል ለማትረፍ ሲባል ሁለት ዓመት ሙሉ በሚንቀረፈፍ ስልክ መቸገር ነው።

አሁን ይህን በቤተሰብ እናባዛው። አራት ሰዎች በየሁለት ዓመቱ ውድ ስልክ ቢቀይሩ በወር 500፣ በዓመት 6,000 ሸቅል ይወጣል። አራቱም መካከለኛ ስልክ ይዘው አራት ዓመት ቢቆዩ በዓመት 1,400 ሸቅል ነው። ልዩነቱ 4,600 ሸቅል በየዓመቱ። ለመንጃ ፈቃድ ትምህርት፣ ለፕሲኮሜትሪ ኮርስ ወይም ለሙያ ሥልጠና ገንዘብ አጣን ለሚል ቤተሰብ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ዋጋውን በሥራ ሰዓት ስንተረጉመው

ሌላው ጥሩ መለኪያ የሥራ ሰዓት ነው። በኤፕሪል 2025 ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 34.32 ሸቅል፣ ለ182 ሰዓት የሙሉ ጊዜ ሥራ ደግሞ በወር 6,247.67 ሸቅል ሆኖ ነበር። በዚህ ሒሳብ የ4,800 ሸቅል ስልክ 140 ሰዓት ያህል ሥራ ነው። በሳምንት 42 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከሦስት ሳምንት በላይ ማለት ነው። የ1,400 ሸቅሉ ስልክ ግን 41 ሰዓት ያህል፣ ማለትም የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ተቀናሽ ሳይነሣ ነው።

በጽዳት፣ በፋብሪካ ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ ለሚሠሩ ወላጆች ጥያቄው «ስልኩ ጥሩ ነው ወይ?» አይደለም። «በሁለቱ ስልኮች መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ የመቶ ሰዓት ድካም ይገባዋል ወይ?» ነው። ይህን ጥያቄ ልጆችንም መጠየቅ ጥሩ ትምህርት ነው። ልጅ በክረምት ዕረፍት ሲሠራ የወጣቶች ዝቅተኛ ደመወዝ ከአዋቂው ያነሰ ስለሆነ ሰዓቱ ከዚህም ይበዛል። አንዳንድ ወላጆች የሚከተሉት መንገድ የመካከለኛውን ስልክ ዋጋ ወላጅ ይከፍላል፣ ከዚያ በላይ የፈለገ ልጅ ልዩነቱን ራሱ ሠርቶ ያመጣል የሚል ነው። ክልከላ አይደለም፤ ልጁ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ራሱ ያየዋል።

«በወር ይህን ያህል ብቻ»

ትሽሉሚም፣ ማለትም በየወሩ እየተከፋፈለ የሚከፈል ክፍያ፣ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉ የሚሆነው ጠቅላላውን ዋጋ ሲሸፍንብን ነው። እንበል አንድ ስልክ በጥሬ ገንዘብ 4,500 ሸቅል ነው። ሻጩ ደግሞ «በወር 149 ሸቅል፣ በ36 ትሽሉሚም» ይላል። 149 በ36 ሲባዛ 5,364 ሸቅል ነው። ልዩነቱ 864 ሸቅል ነው። በዚያ ላይ «የጥገና አገልግሎት በወር 39 ሸቅል» ከተጨመረ በ36 ወር 1,404 ሸቅል ይሆናል። የ4,500ው ስልክ 6,768 ሸቅል ደረሰ ማለት ነው።

ሦስት ነገር ያስታውሱ። አንደኛ፣ የመስመር ኩባንያዎን ቢቀይሩም የመሣሪያው ዕዳ አብሮ አይሰረዝም። ሁለተኛ፣ ክፍያው በክሬዲት ካርድ ከሆነ የካርዱን ጣሪያ ስለሚይዝ ለድንገተኛ ነገር የሚቀረው ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰበርም ክፍያው ይቀጥላል። አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት እንዲህ ላለው ነው። የሚሠራ ስልክ በኪስ እያለ ለሦስት ዓመት ዕዳ መግባት ሳይቸግር መበደር ነው።

ለስልክ ተብሎ ብድር የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ የፍትሐዊ ብድር ሕግ የወለድ ጣሪያ እንዳለው ይወቁ። በተለመደው የሸቅል ብድር ላይ የዓመቱ ወለድ ከእስራኤል ባንክ ወለድ በ15 በመቶ ነጥብ በላይ ሊበልጥ አይችልም። ጣሪያው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ጣሪያው መኖሩ ብድሩን ርካሽ አያደርገውም።

ስልኩ ሳይሆን ባትሪው ሲያረጅ

በዲሴምበር 2017 አፕል ባትሪያቸው የደከመ የቆዩ አይፎኖችን ፍጥነት በአፕዴት እንደሚቀንስ አመነ። ኩባንያው ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ለማድረግ ነው አለ፤ ገዢዎች ግን ተቆጡ። አፕል ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ለ2018 ከ79 ወደ 29 ዶላር ዝቅ አደረገ። በጃንዋሪ 2019 የኩባንያው ኃላፊ ቲም ኩክ ለባለ አክሲዮኖች በጻፈው ደብዳቤ ገቢው ከተጠበቀው በታች የሆነበትን ምክንያት ሲዘረዝር፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ደንበኞች በረከሰው የባትሪ ቅየራ መጠቀማቸው መሆኑን ገለጸ።

ይህ ለሸማች ትልቅ ትምህርት ነው። «ስልኬ አረጀ» ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ ያረጀባቸው ባትሪው ብቻ ነው። የስልክ ባትሪ በተፈጥሮው ይደክማል። አፕል እንኳ ከአይፎን 15 በፊት ለነበሩት ስልኮች ባትሪው ከ500 ሙሉ ዙር ቻርጅ በኋላ ከአቅሙ 80 በመቶ እንደሚይዝ ነው የሚናገረው፤ ከ15 ጀምሮ 1,000 ዙር ሆኗል። ስለዚህ አዲስ ስልክ ከመግዛትዎ በፊት በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የባትሪውን ጤንነት ይመልከቱ። ከ80 በመቶ በታች ከሆነና ስልኩ ገና አፕዴት የሚያገኝ ከሆነ ባትሪውን ያስቀይሩ። ማስቀመጫው ሞልቶ ከሆነም የዋትስአፕ ቪዲዮዎችን ያጽዱ። ብዙ ስልክ በዚህ ብቻ ነፍስ ይዘራል።

ለማን ይገባዋል፣ ለማን አይገባውም?

ውድ ስልክ ዋጋውን ያወጣል፦ በሠርግና በበዓል ፎቶና ቪዲዮ በማንሣት ለሚተዳደር፤ የሚሸጠውን ዕቃ ወይም የሚሠራውን የጸጉር ሥራ በየቀኑ በቪዲዮ ለሚያስተዋውቅ፤ የማየት ችግር ኖሮበት ትልቅና ብሩህ ስክሪን ለሚያስፈልገው፤ ወይም ገንዘቡ በእጁ ኖሮ ስድስት ዓመት ለሚይዘው ሰው።

ዋጋውን አያወጣም፦ ሥራ ለሚፈልግ ሰው፤ ለሥራ ማመልከቻ፣ ለኢሜይልና ለቪዲዮ ቃለ መጠይቅ መካከለኛ ስልክ ይበቃል። ስልኩን በየዓመቱ ለሚጥልና ለሚሰብር ልጅም አይሆንም። ለአረጋውያን ወላጆችም እንዲሁ ነው። ወላጆችን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የኮሙኒኬሽን ሚኒስቴር የሁለተኛና የሦስተኛ ትውልድ ኔትወርክ እንዲዘጋ ስለወሰነ፣ አሮጌ ቁልፍ ያለው ስልክ የያዙ ወላጆች ካሉ በአራተኛው ትውልድ ላይ ድምፅ የሚያስተላልፍ ስልክ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ግን ርካሽ ስልክም ያደርገዋል። «ኔትወርኩ ስለሚዘጋ ውድ ስልክ ግዙ» የሚል ሻጭ ካለ አይስሙት።

ሱቅ ከመግባትዎ በፊት

ቢሉ ሴንተር ውስጥ ሱቆች ተቀራርበው ስለሚገኙ ዋጋ ማወዳደር ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሱቅ አይግዙ። እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ይዘው ይሂዱ፦

1. በአንድ ጊዜ ብከፍል ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? በትሽሉሚምስ ጠቅላላው ስንት ይሆናል?
2. ይህ ስልክ እስከ ስንት ዓመት ድረስ የደኅንነት አፕዴት ያገኛል? ስልኩ የወጣበትን ዓመት ይጠይቁ፤ አፕዴቱ የሚቆጠረው እርስዎ ከገዙበት ቀን አይደለም።
3. አስመጪው ማን ነው? አሕራዩቱን፣ ማለትም የዋስትና አገልግሎቱን፣ የሚሰጠው የትኛው የጥገና ቦታ ነው? በኦፊሴላዊ አስመጪና በሌላ አስመጪ በኩል የመጣ ስልክ ዋጋው ሊለያይ ይችላል፤ ጥገናውም በተለያየ ቦታ ነው።
4. ያለፈው ዓመት ሞዴል አለ? ልዩነቱ ምንድን ነው?
5. ከስልኩ ጋር ያልጠየቅሁት አገልግሎት ተጨምሯል ወይ?

ያገለገለ ስልክ የሚገዙ ከሆነ *#06# ብለው ይደውሉ፤ የሚወጣው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር በካርቶኑና በደረሰኙ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። የቀድሞው ባለቤት ፊትዎ ላይ ከአካውንቱ መውጣቱንና ስልኩን ማጥፋቱን ሳያዩ ገንዘብ አይስጡ። ይህ ካልተደረገ ስልኩ ተቆልፎ በእጅዎ ይቀራል።

ሕጉ ምን ይሰጠናል?

የ1981ዱ የሸማቾች ጥበቃ ሕግና ከእሱ የወጡት ደንቦች ለገዢው ጥሩ መሣሪያ ናቸው። ከሱቅ የገዙትን ስልክ ካልተጠቀሙበትና በመጀመሪያው ማሸጊያው ውስጥ ከሆነ በ14 ቀን ውስጥ መልሰው ገንዘብዎን ማግኘት ይችላሉ። ሻጩ የሚቀንሰው ከዋጋው 5 በመቶውን ወይም 100 ሸቅል ነው፤ ከሁለቱ ያነሰውን። ለ4,800 ሸቅል ስልክ 5 በመቶው 240 ስለሆነ የሚቀነሰው 100 ሸቅል ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከተጠራጠሩ ካርቶኑን ቤት እንደገቡ አይክፈቱ፤ አንድ ሌሊት ይደሩበት። ደረሰኙንም ይያዙ። ለአዲስ ስልክ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና በሕግ የተደነገገ ነው፤ የዋስትና ወረቀቱን ጠይቀው ይቀበሉ።

በስልክ ተደውሎ ወይም በኢንተርኔት ለተደረገ ግዢ ልዩ መብት አለ። 65 ዓመት የሞላቸው አረጋውያን፣ የአካል ጉዳት ያለባቸውና የኦሌ ወረቀት ካገኙ አምስት ዓመት ያልሞላቸው አዲስ ገቢዎች፣ ከሻጩ ጋር በቃል ወይም በጽሑፍ ተነጋግረው የፈጸሙትን የርቀት ግዢ እስከ አራት ወር ድረስ መሰረዝ ይችላሉ። ሰባ ዓመት ለሞላቸው እናት ደውሎ በፍጥነት በሚነገር ዕብራይስጥ ውድ ስልክ የሸጠ ሰው ካለ፣ ጉዳዩ አበቃ ማለት አይደለም። ልጆች የወላጆቻችሁን ወርኃዊ ሒሳብ አብራችሁ ተመልከቱ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን «አትደውሉልኝ» የሚል መዝገብ ከፍቷል፤ የወላጆችን ቁጥር እዚያ ማስመዝገብ ይቻላል።

ሻጩ መብትዎን ካልሰጠ መጀመሪያ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የላኩበትንም ቅጂ ይያዙ። ካልሆነ ለባለሥልጣኑ ያመልክቱ፣ ወይም ጠበቃ በማያስፈልገው የትናንሽ ክሶች ፍርድ ቤት ይክሰሱ።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚልኩ

ብዙዎቻችን ስልክ የምንገዛው ለራሳችን ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪን ለገበያ ስትለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ120 ብር በላይ ሆነ። በአንድ ሺህ ዶላር ስልክና በ300 ዶላር ስልክ መካከል ያለው 700 ዶላር ዛሬ ለአንድ ቤተሰብ ብዙ ወር የሚያኖር ገንዘብ ነው። ወንድም ወይም እህት «አይፎን ላኩልኝ» ሲል ይህን በግልጽ መነጋገር ነውር አይደለም። ለኩባንያ ያልተቆለፈ፣ ሁለት ሲም የሚይዝና ባትሪው ጠንካራ መካከለኛ ስልክ ልኮ፣ የቀረውን ለትምህርት ወይም ለንግድ መነሻ መስጠት ይሻላል። ስልኩ ሲሰበርም ዕቃው እዚያ በርካሽ የሚገኝ ቢሆን ይመረጣል።

ለማጠቃለል ያህል

ስልክ ለመግዛት ከወሰኑ ሦስት ቁጥር ይጻፉ፦ ጠቅላላ ዋጋው፣ የሚይዙት ወራት ብዛት፣ ለዚህም የሚሠሩት ሰዓት። ሦስቱን ጎን ለጎን አይተው «ይገባኛል» ካሉ፣ በደስታ ይግዙ፤ ስድስት ዓመትም ይያዙት። «አይገባኝም» ካሉ፣ የያዙትን ስልክ ባትሪ ቀይረው አንድ ዓመት ይጠብቁ። ያን ጊዜ ዛሬ በውድ የሚሸጠው ስልክ ያለፈው ዓመት ሞዴል ሆኖ በቅናሽ ያገኙታል።